እጮኛዬን የወሰደብኝ ሸረሪት

በዚህ ገጽ ላይ እጮኛውን በሀብታም የተነጠቀ፣ በጓደኛው የተከዳ፣ ከውጭ በመጣ ሰው የተቀማ ሰው ሲያለቅስ ስንት ጊዜ አንብባችኋል። እኔም አንብቤ «ምስኪን!» እያልኩ ገጹን ገልብጫለሁ። የኔ ግን ከሁሉም ይለያል። የኔ ተቀናቃኝ ገንዘብ የለውም፣ መኪና የለውም፣ ሰውነቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ያለው እግር ብቻ ነው። እሱም ስምንት።

አትሳቁ። ታውቁታላችሁ። መታጠቢያ ቤት ጥግ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠል፣ እግሩ እንደ ፀጉር የቀጠነና የረዘመ ሸረሪት አለ አይደል? ድሩ እንደ ሌላው ሸረሪት በሥርዓት የተሠራ ክብ ሳይሆን ልጅ የበተነው የክር ልቃቂት የሚመስል። እሱ ነው። ፈረንጆቹ የምድር ቤት ሸረሪት ይሉታል። እጮኛዬና መሰሎቿ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ «ፎልሲድ» ብለው ይጠሩታል። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች ከ1900 በላይ መሆናቸውን የነገረችኝ ቀን «ታዲያ አይበቃም?» ነበር ያልኳት። በጣም ነው የተናደደችብኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ መጥረጊያውን ረጅም እንጨት ላይ አስራ ጣሪያ ለጣሪያ ድር ታራግፋለች። እጮኛዬ ሽንኩርት ልትልጥ መጥታ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ «እማማ ቆይ! አንዴ ቆይ!» ብላ ጮኸች። እናቴ እባብ ያየች መስሏት መጥረጊያውን ጣለች። ልጅቷ ወንበር አምጥታ ወጣችና አንገቷን አስግጋ ማየት ጀመረች። «ይቺ እናት ናት እኮ፤ እንቁላሏን በአፏ ይዛለች» አለች። እውነቷን ነበር። የዚህ ቤተሰብ ሴቶች እንቁላላቸውን በጥቂት ክር ብቻ ጠቅልለው፣ ልጆቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ለሳምንታት በአፋቸው ተሸክመው ይኖራሉ። ከሥር ሆኖ ለሚያያት ትንሽ የወይን ዘለላ የነከሰች ትመስላለች።

እናቴ ግን ይህ አልታያትም። «ውረጂ የኔ ልጅ፣ ሸረሪት ሸንታብሽ ፊትሽን ታበላሸዋለች» አለቻት። እጮኛዬም ከወንበሩ ሳትወርድ፣ ሰው «ሸረሪት ሸናብኝ» እያለ የሚያሳየው የቆዳ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ መብራት ተከትላ የምትገባ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ እንደሆነ ማስረዳት ያዘች። አማች ልትሆን በመጣችበት ቤት፣ በበዓል ዋዜማ! እናቴ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ የማያውቅ አያውቀውም። ማታ ሁሉም ሲተኛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ልጅቷስ ጨዋ ናት። ግን ልጄ፣ ሸረሪት የምትሳሳለት ሴት ቤት ትጠርጋለች?» አለችኝ።

ይህ እንኳ በሳቅ ያልፍ ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ግን እጮኛዬ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ወደ አውሮፓ፣ ለሁለት ዓመት፣ ለትምህርት። በሰፈራችን የውጭ ዕድል ሲመጣ እልል ይባላል። እኔ ግን ሽማግሌ ልኬ፣ ሠርጉን ለጥር ቀጥሬ፣ ለአዳራሹ ቀብድ ከፍዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። «ሸረሪቱ የኛ አገር አይደለም እንዴ? ለምን እነሱ አይመጡም?» አልኳት። ጥያቄዬ የቂም ቢሆንም የማይረባ ግን አልነበረም። መልሱን ሳልቆራርጥ ልንገራችሁ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን በቁም ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ፍጥረት «አዲስ ዝርያ» ለመባል ገና ያልታየ መሆኑ አይበቃም። ቀድሞ ስም ከወጣላቸው ዘመዶቹ ሁሉ የሚለይበት ነገር በጽሑፍና በሥዕል መቀመጥ አለበት። ስሙ ሲወጣ ደግሞ አንድ ናሙና ተመርጦ «የስሙ ባለቤት ይህ ነው» ተብሎ በሙዚየም ይቀመጣል። ሆሎታይፕ ይሉታል። ነገ ክርክር ቢነሳ ዳኛው እሱ ነው። ታዲያ ከአፍሪካ ሸረሪቶች ብዙዎቹ ስም የወጣላቸው በቅኝ ግዛት ዘመን ስለሆነ፣ ዳኞቹ የተቀመጡት ብራሰልስ አጠገብ ቴርቩረን በሚባል ቦታ፣ ፓሪስ፣ በርሊንና ለንደን ነው። አንዳንዱ ናሙና በፖስታ ይላካል፤ አርጅቶ የሳሳው ግን ከጠርሙሱ ባይነቃነቅ ይመረጣል። ስለዚህ የራስህን ተራራ ሸረሪት ስም ለመጥራት የሰው አገር ምድር ቤት መውረድ ግድ ይሆናል። «የሚያናድደው አንተን ብቻ መሰለህ?» አለችኝ።

ዕድሉ ግን እንደ ሰማይ መና የወረደ አልነበረም፤ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ካንድ ዓመት በፊት በባሌ ሐረና ደን ውስጥ የዚህ ቤተሰብ የሆኑ ጥቂት ትናንሽ ሸረሪቶች ሰብስባ ነበር። ሁሉም ግን ወይ ሴት ወይ ያልጎረመሱ። በዚህ ሥራ ደግሞ ያለ ወንድ ብዙ ርቀት አይኬድም። አማካሪዋ ቁርጡን ነግሯታል፤ የደረሰ ወንድ ካገኘች ርዕሷ ይኸው ይሆናል፣ ትሄዳለች። ካላገኘች ርዕሱ ይቀየራል፣ እዚሁ አገር ውስጥ ሌላ ሥራ ይሰጣታል። ለመፈለግ የቀራት አንድ ጉዞ ብቻ ነው። «አንድ ሳምንት ፈቃድ ውሰድና አብረኸኝ ና። አይተህ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ተናገር» አለችኝ። እኔም ወሰድኩ። ለምን እንደወሰድኩ ግን ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም።

ግንቦት ውስጥ ነው የሄድነው። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነስተን በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን፣ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባትን ዲንሾን አልፈን፣ ጎባ ስንደርስ መሽቷል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለ አውቶቡሱ ብዙ አልልም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አራት ጊዜ ዶሮውን አደራ ብሎኝ ወርዷል። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሷና የትምህርት ክፍሏ ባልደረባ የሆነች አንዲት ልጅ። ድንኳን ስንት ነበር ለምትሉኝ ደግሞ ሁለት ነበር። ሴቶቹ ባንዱ፣ እኔ ከዕቃው ጋር በሌላው።

በማግስቱ የተከራየነው መኪና ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ መውጣት ጀመረ። ወገኖቼ፣ እናንተ እንጦጦ ወጥታችሁ «ብርዱ!» የምትሉ፣ ሳነቴን እዩት። መንገዱ ከ4000 ሜትር ከፍታ በላይ ያልፋል። ቱሉ ዲምቱም እዚያው አለ፣ 4377 ሜትር። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ጅባራው ብቻ እንደ ዘብ እዚያና እዚህ ቆሟል፤ ሣሩ ላይ ጉም ይንከባለላል። ቀይ ቀበሮ አየን። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ እንኳ አይርቅም፤ አንገቱን ሰብሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍጥጧል፣ እኛን ከቁም ነገር አልቆጠረንም። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል። እኔ ተደስቼ ፎቶ አነሳለሁ፤ እጮኛዬ ጀርባዋን ሰጥታ ድንጋይ እየገለበጠች ከሥሩ ታያለች። ቀበሮውም ፍልፈሉን፣ እሷም ሸረሪቷን። ሁለቱ በአኳኋን ይመሳሰሉ ነበር ብል ትቆጣኝ ይሆን?

ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። አምባው በደቡብ በኩል ተቆርጦ ይወርድና ከሥር፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ደን ነው። ሐረና ይህ ነው። ደኑ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው የአስታ ቁጥቋጦ ይጀምርና፣ ቆሶውን፣ ቀርከሃውን፣ ከዚያም ዝግባና ሌላውን ትልልቅ ዛፍ ይዞ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በራሱ እስከሚበቅልበት እስከ 1500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባው ያለምክንያት አይደለም። ሪራ በምትባል መንደር አጠገብ ድንኳን ተከልን። አንድ ያካባቢው ሽማግሌ አስጎብኚያችን ሆኑ፤ እኛ «ኦቦ» ስንላቸው እሳቸው እጮኛዬን «ዶክተር» ይሏታል። ዶክተር አይደለችም፤ አላረመቻቸውም።

ደኑ ውስጥ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ዝምታው አይደለም፤ እርጥበቱ ነው። ዛፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። ከቅርንጫፉ የሚወርደው አረንጓዴ ጺም ሲነኩት ውኃ ያንጠባጥባል። ከፍ ባለ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች አሉ፤ ኦቦ አንዱን እያሳዩኝ «ያ የኔ ነው» አሉ። አንገቴን አቅንቼ ሳየው ራሴ ዞረ። ጠዋት ጠዋት በቀርከሃው መሃል የባሌ ጦጣ ይራወጣል። ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ፣ ኑሮው ከቀርከሃ ጋር የተያያዘ ጦጣ ነው። አንበሳም አለ ይላሉ። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌሊት ለሽንት አልወጣሁም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ጥዬ፣ ድሩ ሳይሆን ድንኳኑ አንበሳ እንዲያስር ስጸልይ አደርኩ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሸረሪት መሰብሰብ ማለት ሰው እንደሚያስበው መረብ ይዞ መሮጥ አይደለም። ነጭ ጨርቅ በሁለት ዱላ ወጥሮ ከቅርንጫፉ ሥር ይያዛል፤ ቅርንጫፉ በዱላ ይመታል፤ የወደቀው ይለቀማል። መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል በወንፊት ይነፋል፤ ልክ እንደ እህል። ከሥር የሚቀረው አፈርና ብናኝ ነጭ ጨርቅ ላይ ይበተናል፤ ከዚያ ተንበርክኮ መጠበቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ብናኙ ውስጥ አንዱ ብናኝ ይራመዳል። ያ ሸረሪት ነው። ቤታችን የሚኖረው ዘመዱ ግዙፍ ነው ለካ! የደኑ ፎልሲዶች መሃል አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ። የተያዘው አልኮል ያለባት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ፈቃዱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በማኅተም መጥቷል፤ ኦቦ ሦስት ጊዜ አንብበውታል።

ማታ ደግሞ በራስ ላይ በሚታሰር ባትሪ ነው የሚሠራው። እጮኛዬ ከአንድ ዛፍ ሥር ባለ ዋሻ መሰል ቀዳዳ አጠገብ አስቀምጣኝ «በጣትህ ድሩን ትንሽ ነካ አድርገው» አለችኝ። ነካሁት። ሸረሪቷ ጠፋች! አልሸሸችም፣ አልወደቀችም፤ እዚያው ባለችበት ሰውነቷን በፍጥነት ማሽከርከር ጀመረች፤ ከፍጥነቷ የተነሳ እንደ ጭስ ሆነች። ይህ መከላከያዋ ነው፤ ወፍም ሆነ ሌላ ሸረሪት የቱ ላይ ይንከሳት? ስትቆም ያው አለች፣ እንደ ቀድሞው ተዘቅዝቃ። ሳላስበው ሳቅሁ። እጮኛዬ በጨለማው ውስጥ ስታየኝ ይታወቀኛል።

ጓደኞቼ ከመሄዴ በፊት «ተጠንቀቅ፣ ይሄ ሸረሪት በዓለም አንደኛ መርዛም ነው፤ ጥርሱ አጭር ሆኖበት ነው ሰው የማይገድለው» ብለውኝ ነበር። ምናልባት እናንተም ሰምታችኋል። ውሸት ነው። መርዙ ተፈትኖ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ይልቅ ሌላ ሸረሪት በመብላት የታወቀ ነው፤ ረጅሙን እግሩን ተገን አድርጎ ከሩቅ ክር ይወረውርና ጠላቱን ጠቅልሎ ነው የሚጨርሰው። እናቴ በመጥረጊያ የምታባርረው ዘበኛዋን ነው ማለት ነው።

ሐረና አዲስ ፍጥረት ሲሰጥ የመጀመሪያው አይደለም። በደኑ ስም የተጠራች አንዲት አፍንጫዋ የሾለ አይጥ መሰል እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1990፣ አንድ እስስት በ1995፣ አንድ ትልቅ እፉኝት ደግሞ በ2016 ለዓለም ተዋውቀዋል። የእፉኝቱ ነገር ሲነገረኝ ጫማዬን አጠበቅሁ። ስለ ሸረሪት ደግሞ በ2003 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተራራ ደኖች ውስጥ ፎልሲዶች ምን ያህል ብዙ እንደሆኑ አሳይቶ፣ ቡይቲንጋ የሚባል አዲስ ወገን አስተዋውቋል። ከዚያ ወገን አንዱ ዝርያ አማኒ ይባላል፣ ታንዛኒያ ኡሳምባራ ተራራ ላይ ባለው ቦታ ስም። ምክንያቱ ለኔ ለባለ ሒሳቡ እንኳ ገብቶኛል። ተራራ ማለት ደሴት ነው። ዙሪያው ቆላና ደረቅ መሬት ነው። እርጥብ ቅጠል ሥር ለሚኖር የሁለት ሚሊ ሜትር ፍጡር ካንዱ ተራራ ወደ ሌላው መሄድ፣ ለኛ ቀይ ባሕርን በእግር እንደመሻገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተራራ በራሱ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ዘመን ሲቆጠር ልጆቹ ከጎረቤት ተራራ ዘመዶቻቸው ጋር መጋባት ያቆማሉ።

መጋባት ካልኩ ዘንድ፣ ይህ ገጽ የሚወደውን ነገር ልንገራችሁ። ሸረሪቶች የሚለዩት በቀለም አይደለም፤ በመዋለጃ አካላቸው ቅርጽ ነው። ወንዱ ፊቱ አጠገብ ሁለት አጫጭር እጅ መሰል ነገሮች አሉት። ሲጎረምስ ጫፋቸው ያብጥና የቦክስ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል። ዘሩን መጀመሪያ ትንሽ ድር ላይ ያፈስና በእነዚያ ጓንቶች መጥጦ ይይዛል፤ ከዚያ ነው ሴቷን የሚፈልገው። የጓንቱ ቅርጽ፣ የመንጋጋው ቀንድ፣ ሁሉ በሴቷ በኩል ካለው ጋር ይገጥማል፤ ቁልፍና ቁልፍ ቤት በሉት። ቁልፉን ያላየ ሰው ስለ በሩ አይመሰክርም። ወንዱ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ሦስት ቀን ፈለግን። ሴት፣ ሴት፣ ጨቅላ፣ ሴት። ዝናቡ አያቆምም። አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጣላን። ምክንያቱ ሽሮው ማረሩ ነበር፤ ምክንያቱ ሽሮው እንዳልሆነ ግን ባልደረባዋ እንኳ ገብቷት «ውኃ ልቅዳ» ብላ ሄደች። «ሁለት ዓመት ጠብቀኝ አልልህም። ካልቻልክ ንገረኝ፤ ከሰው አልሰማ» አለችኝ። እኔ «አንቺ መርጠሻል እኮ» አልኩ። «ምረጪ ያለኝ ማነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ኦቦ እሳቱን እየቆሰቆሱ ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። ቆይተው፣ በልጅነታቸው ከዚህ እስከ ታችኛው ወንዝ ድረስ ፀሐይ መሬት አይነካም ነበር አሉ። አሁን እሳት እየገባ፣ ማሳ እየተቆረጠ፣ ቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ እየተመነጠረ ብርሃኑ በዝቷል። «ቅጠሉ ሲደርቅ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ምን እንደነበረ ግን የጻፈው የለም» አሉ። ለኔ ይሁን ለእሷ ወይስ ለእሳቱ እንዳሉት አላወቅሁም።

የመጨረሻው ሌሊት። ሴቶቹ ወንዙን ተከትለው ወረዱ፤ እኔ አንድ ትልቅ የወደቀ ግንድ ዙሪያ እንድፈልግ ተሰጠኝ። ባትሪዬ እየደከመች ነበር። ከግንዱ ሥር፣ መሬቱና እንጨቱ በሚለያዩበት ክፍተት ውስጥ የተዝረከረከ ድር አየሁ። አጎነበስኩ። አንድ ፍዝ ያለ፣ እግሩ የሚያስተላልፍ ሸረሪት ተንጠልጥሏል። ወደ ፊቱ ቀረብኩ። ጓንት አጥልቋል።

እዚህ ላይ ለእሷም ያልነገርኳትን ነው የምነግራችሁ፤ የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው። ብልቃጡን ከኪሴ አላወጣሁም። ቆምኩ። ማንም አላየኝም። ዞር ብል በቃ፣ «ምንም የለም» ብል በቃ። ርዕሱ ይቀየራል፣ ደብዳቤው ይቀራል፣ ጥር ላይ ሠርግ ነው። ፈቃድ ወስጄ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንዳታገኝ ልጠብቅ ነው የመጣሁት። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ ጉልበቴ ግን ከእርጥበቱ ደንዝዞ ነበር። ትንፋሼ ነክቶት ይሁን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሸረሪቱ መሽከርከር ጀመረ። ጭስ ሆነ። እኔ ልጠፋው የምችለውን ሰውዬ «የለሁም» እያለኝ ነው። ከዚያ ቆመ፣ ያው እዚያው አለ። ከወንዙ በኩል የእሷ ባትሪ ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ይታየኛል፤ አሁንም እየፈለገች ነው፣ እየሳለች ነው፣ ትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዟታል።

ብልቃጡን አወጣሁ። እንዳስተማረችኝ ከሥር ደግፌ በብሩሹ ገፋ አደረግሁት። አልኮሉ ውስጥ ሲገባ እግሮቹን እንደ ጃንጥላ አጠፈ። ከዚያ በሙሉ ድምፄ ስሟን ጠራሁ። አንበሳውን ረስቼ።

እልል ማለት ቀረች እንጂ ያላደረገችው የለም። ብልቃጡን በባትሪው ላይ ይዛ «ጎልማሳ ነው፣ ጎልማሳ ነው!» ትላለች። ኦቦ ከድንኳኑ ደንግጠው ወጥተው፣ ነገሩ ሲነገራቸው «ለዚህ ነው?» ብለው ተመልሰው ተኙ።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ዕድሜ ልኬን በመጥረጊያ ስንገርፈው የኖርነው ነገር ቤተሰብ ይህን ይመስላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ዓይኖቹ በሁለት ወገን ሦስት ሦስት ሆነው ተሰብስበዋል። መንጋጋው ላይ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች አሉ። ጓንቱ ውስጥ ደግሞ መንጠቆው፣ እሾሁ፣ ቅጠል የሚመስለው ሽፋን፣ የወርቅ አንጥረኛ የሠራው እንጂ የሸረሪት አይመስልም። «ታዲያ አዲስ ነው?» አልኳት። «ገና ነው። እኔ የማውቀውን አይመስልም፤ እኔ የማላውቀው ግን ብዙ ነው። ከእነዚያ ናሙናዎች ጋር አጠገብ ላጠገብ ሳላይ አልናገርም» አለች። ሰው ስለ ሸረሪት እንዲህ ሲጠነቀቅ ካየሁ በኋላ፣ ስለ እኔ የተናገረችውን ሁሉ እንደገና ማመን ጀመርኩ።

አዲስ ሆኖ ከተገኘ በእኔ ስም ይጠራ እንደሆነ ጠየቅኳት። በቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም። ስቃ፣ ስሙ ሲደርስ ይታሰባል አለችኝ። በዚህ ፋንታ ያደረገችው ሌላ ነው። ከብልቃጡ ጋር የምትገባ የጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች፤ አልኮል በማያጠፋው ቀለም ነው የሚጻፍባት። አገሩ፣ ተራራው፣ ደኑ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ በመጨረሻም የሰብሳቢው ስም። ያቺ ወረቀት ከናሙናው ጋር መቶም ሁለት መቶም ዓመት ትቀመጣለች አለችኝ። ገልብጣ አሳየችኝ። በሰብሳቢው ቦታ የተጻፈው የኔ ስም ነው። የቆምኩባት ጊዜ ወረቀቷ ላይ የለችም።

የምትሄደው መስከረም ነው። እናቴን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለ ሆሎታይፑም ስለ ቴርቩረኑም ነገርኳት፤ ያደመጠችኝ ግን አልመሰለኝም። በመጨረሻ «በአፏ የያዘችው እንቁላልስ? ተፈለፈለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የፋሲካዋን ማለቷ ነው። አላወቅሁም። እሷም አላወቀችም፤ ያን ቀን መጥረጊያውን ከጣለች በኋላ መልሳ ማንሳቷን አታስታውስም።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ቀኑን ለሁለት ዓመት በኋላ አዛውረናል። አንደኛው ሽማግሌ ለመቀየም ትንሽ ሞክረው ነበር፤ በሐረና ማር አለዘብኳቸው። የቀረኝ አዳራሹ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሄጄ ሥራ አስኪያጁን ቀብዴን እንዲመልስልኝ ለመንኩት። ምክንያት አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ፣ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይዘው እንደሚመጡ፣ በሸረሪት ምክንያት ግን የመጣ እንዳላየ ነግሮኝ ሻይ ጋበዘኝ። ቀብዱን ግን አልመለሰልኝም።